የአረቄ ማሰሮውና የመንደር አሥራ አንድ ሬዲዮ

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ወር አሶሳ ውስጥ ኮሌጅ ገባሁ። የኮምፒውተር ትምህርት፣ አንደኛ ዓመት፣ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ከልጆቼ ያንሳሉ። «እማማ ጫልቱ» እያሉ ደብተሬን ይዋሳሉ፤ መምህሩ የተናገሩትን አንድም ሳላስቀር እንደምጽፍ ያውቃሉና።

በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ማሽን ሲበላሽ ከመንካታችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ» ብለው ጻፉ። ሳላስበው ሳቅሁ።

«እማማ፣ ምን አሳቀዎት?»

«ይቅርታ መምህር። ይህንን ትእዛዝ ከአርባ ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ።»

«ከማን?»

«ከአንድ ድምፅ» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ይጻፉልን» አሉ። የታዘዝኩትን በጊዜው ማድረስ ስለምወድ ይኸው ጽፌአለሁ። ከረዘመ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሥራ ዘመኔ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሬዲዮ ሠራተኛነት ጀመርኩ፤ ከዚያ አሶሳ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ግልገል በለስ ተዛወርኩ። ግልገል በለስ ሳለሁ ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር በካርቶን ታሽጎ መጣና «ሽቦ የምታውቀው ጫልቱ ናት» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በየደረስኩበት ከእኔ በፊት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ደመወዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር። ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም። የምጽፈው ሁሉን ስለተማርኩበት ስለ መጀመሪያው ቦታ ነው።

የሠፈራው ዘመን ነበር። ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከወሎ ወደ እኛ አገር ይመጡ ነበር። እኔ የባምባሲ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከወለጋ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ቤታችን የምንነጋገረውም በኦሮምኛ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ለሠፈራ መንደሮቹ የሬዲዮ ሠራተኛ እንደሚፈለግ ሰማሁና ተመዘገብኩ። አሶሳ ላይ ስድስት ሳምንት አሠለጠኑን። ማይክሮፎን እንዴት እንደሚያዝ፣ መልእክት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በየትኛው መስመር እንደሚጠራ ተማርን። ሬዲዮው ቢበላሽ ምን እንደሚደረግ የምንማረው በሰባተኛው ሳምንት ነበር። ሰባተኛው ሳምንት አልመጣም፤ ሰው በአስቸኳይ ተፈለገ።

መንደር አሥራ አንድ ከአሶሳ በእግር አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል። የሣርና የቀርከሃ ጎጆዎቹ በተርታ ተሰልፈው እንደ ሠልፈኛ ቆመዋል። የእኔም ጣቢያ አንዲት የቀርከሃ ጎጆ ነበረች። ውስጧ የጉዞ ሻንጣ የሚያህል ግራጫ የብረት ሣጥን፣ ሁለት የመኪና ባትሪዎች፣ ባትሪዎቹን የምትሞላ አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተርና አንድ ወንበር ነበሩ። ከደጅ በሁለት ረጃጅም የቀርከሃ ምሰሶዎች መካከል ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ያ ሽቦ አንቴናው ነው።

የጣቢያው ጥበቃ ጋሽ አጥየብ የሚባሉ የበርታ ሰው ነበሩ። እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ናቸው። አማርኛ የተማሩት ትልቅ ከሆኑ በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። የመጀመሪያ ቀን ምሰሶዎቹን ዞር ዞር ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ጫልቱ፣ ይሄ እንጨት ማን ቆረጠ?»

«አላውቅም ጋሽ አጥየብ። እንደዚህ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።»

«ጨረቃ ሙሉ ሲሆን ቆረጠ። ምስጥ ይበላል። ጨረቃ ሲያንስ የቆረጠ፣ ምስጥ አይነካም።»

እውነታቸውን ነበር። በሁለተኛው ወር አንዱ ምሰሶ ከሥሩ ተበልቶ ወደቀ። በእሱ ምትክ እሳቸው ጨረቃ ስትጎድል ቆርጠው ያቆሙት እኔ ከዚያ እስክነሣ ድረስ አልነቃነቀም። ስድስት ሳምንት ሥልጠና ውስጥ ስለ ጨረቃ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጥሪ አልረሳውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፈትኩት። ነፋስ ደረቅ ማሽላ ውስጥ ሲያልፍ እንደሚሰማው ያለ ሹክሹክታ መጣ። ማይክሮፎኑን ተጭኜ «ዋና ጣቢያ፣ መንደር አሥራ አንድ ነኝ፣ ይሰማል?» አልኩ። ከሹክሹክታው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ፤ ረጋ ያለ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ። «ይሰማል መንደር አሥራ አንድ። ቀጥይ ልጄ።» አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ መንገድ በአንድ ትንፋሽ ተሻገርኩ። ዛሬ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ ይዞራል። ያን ቀን ግን እኔ ተነሥቼ ከሣጥኑ ጀርባ ማየቴን አልደብቅም።

ድምፁ የጋሽ ታፈሰ ነበር። ጋሽ ታፈሰ የቀድሞ የጦር ሠራዊት መገናኛ ሠራተኛ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የአሶሳው ዋና ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። በሥልጠናው ጊዜ መስክ ላይ ስለነበሩ መልካቸውን ያየሁት ከስንት ወር በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ሁሉ በዚያ ሣጥን በኩል ነው።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛ፣ መልእክት ተቀብዬም ሆነ አስተላልፌ ስጨርስ «መልሰሽ አንብቢልኝ» ይላሉ። አጭርም ይሁን ረጅም፣ ሁሌም አንድ ጊዜ። በሚገባ ካልተሰማ በቀር ሁለተኛ አያስነብቡም። ሁለተኛ፣ «ሬዲዮው ተበላሸ» ስላቸው «ተበላሸ የሚባል ነገር የለም፤ ደህና የነበረው እስከ የት ነው?» ብለው ከባትሪው አስጀምረው በሽቦው በኩል እስከ ምሰሶው ጫፍ በቃል ያስኬዱኛል። ሦስተኛ፣ ደብተር አስያዙኝ። ገጹን በሦስት ዓምድ አስከፋፈሉኝ፦ ያየሁት፣ የነካሁት፣ የተለወጠው።

«ሳትጽፊ አትንኪ» ይሉኝ ነበር። «የነካሽውን ካልጻፍሽ የጠገነሽውንም የሰበርሽውንም አታውቂም።»

ብቻዬን መሆኔ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ነገር አመጣ። ሽቦ ያለው ሁሉ የእኔ ሆነ። የመንደሩ ጤና ረዳት ድምፅ ማጉያ፣ የትራክተሩ መብራት፣ ጭራሽ ሽቦ የሌለው፣ መንደሩን የሚያስተዳድረው የአስተባባሪው የእጅ ሰዓት ሳይቀር ወደ እኔ ይመጣ ነበር። «አላውቅም» ለማለት አፈርኩ። ሰው እምነቱን ጥሎብኛልና ማስደሰት ፈለግሁ። ሰዓቱን ከፍቼ መልሼ መግጠም አቃተኝ። አስተባባሪው ከዚያ ወዲህ ሰዓት በጠየቁት ቁጥር ወደ ጣቢያዬ ይጠቁም ነበር። ያ ትንሹ ጥፋቴ ነው። ትልቁ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው።

ባትሪ ውሃ ይጠጣል። ላዩ ላይ ስድስት ክዳኖች አሉት፤ በየክዳኑ ሥር ቀጫጭን የእርሳስ ሰሌዳዎች አሲድ ውስጥ ቆመዋል። ሲሞላ እየፈላ ውሃው ይቀንሳልና መጨመር አለበት። የሚጨመረው ግን «የባትሪ ውሃ» የሚባለው በፕላስቲክ የሚመጣው ብቻ ነው። ይህን ተምሬአለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልተማርኩም። የያዝኩት የባትሪ ውሃ በሦስት ወር ውስጥ አለቀ። በዚያን ጊዜ የጤና ረዳቱ ተቅማጥ ለመከላከል በየጠዋቱ በድምፅ ማጉያው «የፈላ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው!» እያለ መንደሩን ይዞር ነበር። ድምፅ ማጉያውን የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርቱም ልቤ ውስጥ ገብቷል። እኔም የምንጭ ውሃ በደንብ አፈላሁ፣ በነጠላ አጠለልኩ፣ አቀዘቀዝኩና ባንደኛው ባትሪ ውስጥ ጨመርኩ። በንጽሕናው ኮርቼ ደብተሬ ላይ «ንጹሕ ውሃ ጨመርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ታፈሰም ደብተሬን በሬዲዮ ሳነብላቸው የባትሪ ውሃ መሰላቸው። እንዲያ እያልኩ ሰነበትኩ።

አሁን ስለ እትዬ ይመኙሻል ልንገራችሁ።

እትዬ ይመኙሻል ከወሎ የመጣች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን ሴት ናት። ከሰው ሁሉ ቀድማ ጣቢያዬ ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። መኪና ላይ ሲጫኑ ጥሩዬ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጇ ተለይታት ቀርታለች። እንዴት እንደተለየቻት ግን ለማንም አትናገርም።

«ጫልትዬ፣ እስቲ ዛሬም ያን ሣጥን ጠይቂልኝ።»

«ትናንት ጠይቄ የለም አሉ እኮ፣ እትዬ።»

«ትናንትማ ትናንት ነው። ሣጥኑስ ቢሆን አዳሩን የሰማው ነገር ይኖር ይሆናል፣ አቦ።»

እጠይቃለሁ። የለም ይላሉ። «አብሽሪ ልጄ» ብላ እኔኑ አጽናንታኝ ትሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመተከል በኩል ካለ ጣቢያ መልእክት መጣ። በዚያ ባለ መጠለያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የምትሆን፣ ግራ ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባት ሴት ልጅ አለች። ከመጣች ጀምሮ ለማንም ቃል ተናግራ አታውቅም። ልጄ ናት የሚሉ እናቶች ከየሠፈራው ተነሥተዋል፤ አንዷ በሬዲዮ ብታናግራት ልጅቷ ዝም አለች። የእኛ ተራ የሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ወላጅ ያልተገኘላቸውን ልጆች ቅዳሜ መኪና ጭኖ ሩቅ ከተማ ወዳለ ማሳደጊያ ይወስዳቸዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርሱ ጣቢያው አያውቅም።

«ጥሩዬም ግራ ክንዷ ላይ ጠባሳ አላት» አለች እትዬ ይመኙሻል። «ምድጃ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ግን ጠባሳ አለው።» ተስፋዋን በእጇ እንደምትመዝን ነበር የተናገረችው።

እሑድ ጠዋት ሬዲዮውን ስከፍት መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ባትሪው ቅዳሜ ማታ ሲሞላ ያመሸ ነበር። እንደገና ሞላሁት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደገና ሞተ። ውሃ ሳልጨምርበት በተጠባባቂነት ያስቀመጥኩትን ሁለተኛውን ባትሪ ስከፍት ውሃው ከሰሌዳዎቹ በታች ወርዶ ሰሌዳዎቹ ደርቀው ታዩ። በዚያ ሁኔታ መሙላት ማቃጠል እንደሆነ ተምሬአለሁ። የፈላ ውሃዬን ማሰሮ አንሥቼ ልጨምር ስል የጋሽ ታፈሰ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሳትጽፊ አትንኪ።

ደብተሩን ከፈትኩ። ለመጻፍ ስል የፊተኞቹን ገጾች አየሁ። «የነካሁት» በሚለው ዓምድ ሥር «ንጹሕ ውሃ ጨመርኩ» ይላል። አጠገቡ «የተለወጠው» በሚለው ሥር፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ «ሁለት ቀን ቆየ» ይላል። ከዚያ «ንጹሕ ውሃ ጨመርኩ፤ አንድ ቀን ተኩል ቆየ»። ከዚያ «ንጹሕ ውሃ ጨመርኩ፤ ግማሽ ቀን ቆየ»። ሦስት ወር ሙሉ ጽፌዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ከላይ ወደ ታች አላነበብኩትም። ማሰሮውን ወደ መሬት መለስኩ።

ወደ አስተባባሪው ሮጥኩ። እትዬ ይመኙሻል በእግሯ አሶሳ ሄዳ በዋናው ጣቢያ እንድትናገር ፈቃድ እንዲሰጣት ለመንኩት።

«ጓድ ጫልቱ፣ እንዲህ እያሉ የወጡ ስንቶች ናቸው የተመለሱ?»

«እሷ ትመለሳለች። ልጇን ነው የምትፈልገው።»

«ሁሉም የሆነ ሰው ይፈልጋል። ከመንደሩ ሠፋሪ አይወጣም። ሬዲዮ አለሽ፤ በሬዲዮ ጨርሺ።»

እኔ ጣቢያውን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ሠፋሪ ስላልሆኑ መውጣት የሚችሉት ጋሽ አጥየብ ብቻ ነበሩ። ከደብተሬ ሁለት ገጽ ገልብጬ፣ ጥፋቴንም ሳልደብቅ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጋሽ አጥየብ።»

«መንገዱ እኔን ያውቃል። ዓርብ ነው ያልክ? ኢንሻአላህ ረቡዕ እዚህ ነኝ።» ሁለት የተጠበሰ በቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሄዱ።

ከዚያ እትዬ ይመኙሻል ጎጆ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች ፊት ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም።

«እትዬ፣ ሬዲዮው አይሠራም። ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ። የማይገባውን ውሃ ጨመርኩበት። ሰው አልነካውም፣ እኔ ነኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መሬቱን እያየች ተናገረች።

«እኔም ልጄን የላክኋት እኔ ነኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል የውሃ ቅላችንን ዛፍ ሥር ረስተን ነበር። ‹ሩጪ፣ ቅሉን አምጪ› አልኳት። ለቅል ብዬ። ሮጠች። መኪናው ተነሣ። ብጮህ ማን ይስማኝ።» ቀና አለች። «ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ጥፋትሽን ስለነገርሽኝ ነግሬሻለሁ። በይ አሁን ተነሽና የሚሆነውን እንፈልግ።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጋሽ አጥየብ አቧራ ለብሰው ደረሱ። የጋሽ ታፈሰ ደብዳቤ እንደ ድምፃቸው የረጋ ነበር። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው።

«ለጫልቱ። ሦስቱንም ዓምድ ሞልተሽ ስለላክሽ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ባትሪ ሞቷል፤ አያስለቅስሽ። ትርፍ ባትሪም የባትሪ ውሃም እኔ ዘንድ የለም፤ መኪናው የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ማፍላት በሽታን ይገድላል እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ድንጋይ አያወጣም። ይልቅ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚቀረውን ትተሽ የሚሄደውን ያዢ። እንፋሎቱን አቀዝቅዘሽ አጠራቅሚ፤ እሱ የባትሪ ውሃ ነው። ብረት አያግኘው። ማረጋገጫው ይህ ነው፦ አንድ ጠብታ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ አድርቂ። ነጭ ክብ ካልቀረ ደርሷል።»

በመጀመሪያ የፈላ ውሃዬን ጠብታ ብርጭቆ ላይ አደረቅሁ። ጠብታው የነበረበት ቦታ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ቀለበት ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ ድንጋይ ነበር ባትሪውን ያበላሁት።

«እንፋሎት የሚይዝ ነገር ከየት አመጣለሁ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

እትዬ ይመኙሻል ወደ በሩ አየች፣ ወደ ጋሽ አጥየብ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ትይዣለሽ?»

«እይዛለሁ።»

«አገሬ ሳለሁ የምተዳደረው በአረቄ ነው። እዚህም...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አረቄ ማውጣት በመንደሩ ክልክል ነው። «ትንሽ ማሰሮ አለችኝ።»

አገልግል ውስጥ በጆንያ ተጠቅልላ የተደበቀች ማሰሮ አወጣች። አፏን የምትገጥም ሌላ ማሰሮ፣ ጎኗ ላይ ለቱቦው የተበሳች፣ አብራ አለች። የሚጎድለው ቱቦው ብቻ ነበር፤ አሮጌው ተሰንጥቋል። ጋሽ አጥየብ የሰሙትን እንዳልሰሙ ሆነው ወጡና ክንድ የሚያህል አዲስ ቀርከሃ አምጥተው፣ አንጓዎቹን በጋለ ብረት ሰርስረው ሰጡን።

«እኔ አረቄ አልጠጣም» አሉ። «ውሃ ግን እጠጣለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ከጎጆዋ ጀርባ እሳት አነደድን። የምንጭ ውሃ ማሰሮዋ ውስጥ ገባ፤ መጋጠሚያው በማሽላ ሊጥ ተመረገ። ቀርከሃው ዘንበል ብሎ ከጤና ረዳቱ በተዋስኩት ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ውስጥ ገባ፤ ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆመ። እትዬ ይመኙሻል እሳቱን እያንዳንዱን ጭራሮ እየመረጠች ትቆሰቁሰው ነበር።

«እሳት ከበዛ ገንፍሎ ድንጋይሽን ይዞብሽ ይመጣል። አረቄም እንዲሁ ነው፤ የቸኮለ አተላ ይጠጣል።»

የመጀመሪያውን ጠብታ ስታይ «ይሄ ይደፋ» አለች። የድሮው የአረቄ ሽታ ነበረበት። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ። ምንም ከማይታይበት፣ ከአየር ውስጥ፣ ውሃ ይወለድ ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁት። የማላውቀውን ነገር እያወቅሁ መምጣቴ በዚህ ምድር ላይ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ሆኖ ታየኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

ግማሽ ጠርሙስ እንደደረስን አስተባባሪው ጭሱን አይቶ መጣ።

«አረቄ!» አለ። «በጠራራ ፀሐይ! ጓድ ጫልቱ፣ አንቺም ከዚህ ውስጥ አለሽበት?»

«አረቄ አይደለም ጓድ።»

«ማሰሮው የአረቄ፣ ቱቦው የአረቄ፣ ሴትየዋ የአረቄ። ምን ልትይኝ ነው?»

እትዬ ይመኙሻል በሁለት እጇ ጠርሙሱን አቀረበችለት። «ቅመሱት፣ ጓድ።»

ትንሽ ጠብ አድርጎ በመዳፉ ቀመሰ። ፊቱ ተቀያየረ። እንደገና ቀመሰ።

«ውሃ ነው!»

«አዎ።»

«እንደዚህ ደክማችሁ ውሃ ከውሃ ታወጣላችሁ?»

ጋሽ አጥየብ ከጥላው ሥር ሆነው «መአሊሽ ጓድ፣ ምንም አይደል» አሉ። «ይሄ ባትሪ ይጠጣል። ባትሪ አይሰክርም።»

አስተባባሪው ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን ሳቁ አመለጠው። ማሰሮውን አልነጠቀም። ሲሄድ ቁልቁል ወደ ሰዓት አልባ ክንዱ አየና «ነገ አራት ሰዓት ነው አይደል?» አለ።

ጠብታው ብርጭቆ ላይ ደረቀ። ምንም አልቀረም፤ ብርጭቆው እንደነበረ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ስድስቱንም ክዳን ከፍቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ሰሌዳዎቹን በጣት ውፍረት እስኪያልፍ ሞላሁ። ጄኔሬተሩ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ሠራ፤ ቤንዚኑም እዚያው አለቀ። ሙሉ አልሆነም። ሬዲዮ ሲሰማ ጥቂት ይበላል፤ ሲናገር ብዙ ይበላል። ያለን ለጥቂት ደቂቃ ንግግር የሚበቃ ብቻ ነበር።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ይመኙሻል ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከሹክሹክታው ውስጥ የመተከሉ ሠራተኛ ድምፅ መጣ። «ልጅቷ አጠገቤ ናት። እናትየዋ ትናገር።»

ማይክሮፎኑን አስያዝኳት፣ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረግሁላት።

«ጥሩዬ... እኔ ነኝ እናትሽ።»

ቁልፉን አስለቀቅኳት። ሹክሹክታ ብቻ። የሬዲዮው መብራት ስትናገር ደብዘዝ ብሎ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ልጄ፣ በሕይወት አለሁ። ተናገሪ እንጂ፣ በሞቴ።»

ሠራተኛው «አንገቷን ደፍታለች፤ ያችኛዋም እናት እንዲሁ ነበር ያለቻት» አለ። መብራቱ ቢጫ ሆኗል። ለሦስተኛ ጊዜ ብትናገር ባትሪው ይችል እንደሆነ አላወቅሁም። «እትዬ፣ አንዴ ብቻ» አልኳት።

እትዬ ይመኙሻል ጀርባዋን አቀናች። ልመናው ከፊቷ ጠፋ። ምድጃዋ አጠገብ ሆና ልጇን ከደጅ እንደምትጠራ እናት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንቺ! ቅሉንሳ? ቅሉን አገኘሽው ወይ?»

ቁልፉን ለቀቀች። ነፋሱ በማሽላው ውስጥ አለፈ። ቆየ። ከዚያ ቀጭን፣ ለረጅም ጊዜ ስላልሠራ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አግኝቼዋለሁ፣ እማዬ። መኪናው ግን ሄደ።»

«ግዴለም» አለች እትዬ ይመኙሻል ለሣጥኑ። «ግዴለም ልጄ፤ መኪና ሞልቷል፤ ግዴለም።» ቁልፉን ሳትጫን ነበር የምትናገረው። ጣቷን በጣቴ ተጫንኩላት፤ እንደገና አለችው። የመጨረሻው «ግዴለም» መተከል ደርሷል። በደጅ የቆመው አስተባባሪ ለምን እንደሆነ አላውቅም ቆቡን አወለቀ። ጥሩዬ በሦስተኛው ሳምንት በጭነት መኪና መጣች። ቅሉን አንገቷ ላይ በገመድ አንጠልጥላዋለች፤ በመጠለያው ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም ነበር አሉ።

ያን ዓርብ እትዬ ይመኙሻል ከጣቢያው ጎጆ ከወጣች በኋላ ደብተሬን ከፈትኩ። ያየሁትን ጻፍኩ፣ የነካሁትን ጻፍኩ። ከዚያ የቀረችውን መብራት ተጠቅሜ ዋናውን ጣቢያ ጠራሁ። ጋሽ ታፈሰ በዚያው መስመር ላይ ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር፤ እኔ ግን ደንቡ ነውና ሦስተኛውን ዓምድ እንደ መልእክት አስተላለፍኩ።

«የተለወጠው፦ ልጅቷ ተናገረች። ጨረስኩ።»

ሹክሹክታው ረዘመ።

«መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ።

«የተለወጠው፦ ልጅቷ ተናገረች።»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ድምፄም አልተቆረጠም። ከዚያ በፊት ሁለተኛ አስነብበውኝ አያውቁም።

«እንደገና» አሉ።